ከሕሙማን አልጋ አጠገብ፤ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሕይወትና አገልግሎት

በቤቱ በሽተኛ ያስታመመ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሰዓት አለች። ጠያቂው ተሰናብቶ፣ ሌሊቱ ገፍቶ፣ አስታማሚውም ድካም አሸንፎት በቀጣዩ ክፍል ሸለብ ያደረገባት ሰዓት ናት። ሕመምተኛው ውኃ ይጠማዋል፤ ድምፁ ግን ከግድግዳው አያልፍም። ራሱ ተነሥቶ ሊቀዳ ቢሞክር ይወድቃል፤ ዝም ቢል እንደ ጠማው ያድራል። አስታማሚው የገዛ ልጁ ወይም እኅቱ ሊሆን ይችላል፤ የፍቅር ጉድለት የለበትም። በዚያች ሰዓት የጎደለችው ከአልጋው ራስጌ ልትቀመጥ የምትችል አንዲት ትንሽ ደወል ናት።

ዛሬ ሕይወቷን የምንዘክራት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለዚህች ሰዓት አጥብቃ ያሰበች ሴት ናት። ብዙዎቻችን የምናውቃት በሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል ስታልፍ በሚያሳየው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ርኅራኄዋን ያሳያል እንጂ ሥራዋን ሁሉ አያሳይም። አልጋው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ትራሱ የትኛውን የአካል ክፍል እንደሚደግፍ፣ ሕመምተኛው ብቻውን ሲሆን በምን እንደሚጣራ፣ እነዚህን ሁሉ መርምራ በሥርዓት ያስቀመጠች እርሷ ናት።

ሕሙማንን ማስታመም ለክርስቲያኖች የቆየ አገልግሎት ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ አጠገብ ለድኾች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን መጠለያ ሠርቶ ለምጻሞችን ሳይጸየፍ ይረዳ እንደ ነበር ይታወቃል። ፍሎረንስ ያደገችው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለችም። ነገር ግን ይህን የቆየ አገልግሎት በጥንቃቄ እንዴት መፈጸም እንደሚገባ ከሕይወቷ የምንማረው ብዙ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቷና ጥሪዋ

ፍሎረንስ የተወለደችው ሜይ 12 ቀን 1820 በጣልያን ሀገር በፍሎረንስ ከተማ ነው፤ ስሟንም ያገኘችው ከዚያችው ከተማ ነው። ወላጆቿ በእንግሊዝ ሀገር ሁለት ታላላቅ መኖሪያ ቤቶች የነበሯቸው ባለጸጎች ነበሩ። አባቷ ዊልያም ናይቲንጌል ለሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ግሪክኛንና ላቲንን፣ ታሪክንና ፍልስፍናን ራሱ ያስተምራቸው ነበር። ታናሺቱ ፍሎረንስ ሒሳብን አብልጣ ትወድ ነበር። ይህ የቁጥር ፍቅር በኋላ ዘመን ለብዙ ሰዎች ሕይወት መትረፍ ምክንያት እንደሚሆን ግን በዚያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

በፌብሩዋሪ 1837፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለች፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎቱ እንደ ጠራት በማስታወሻዋ ጻፈች። አገልግሎቱ ምን እንደሆነ ግን አልታወቃትም ነበር። በመንደሩ ያሉ ድኾችን ስትጎበኝና የታመሙ ዘመዶቿን ስታስታምም ጥሪዋ ወደ ሕሙማን እንደሆነ ቀስ በቀስ ተረዳች። በ1845 በአቅራቢያዋ በሚገኝ ሆስፒታል ገብታ ሙያውን ለመማር ፈቃድ ብትጠይቅ ቤተሰቧ አጥብቆ ተቃወመ። በዚያ ዘመን ሆስፒታል የድኾች መሞቻ ተደርጎ የሚታይ፣ ሽታው የሚከብድ፣ በውስጡ የሚሠሩት ሴቶችም በስካርና በነውር የሚታሙበት ስፍራ ነበር። የባለጸጋ ልጅ በዚያ ልትውል መፈለጓ ለቤተሰቡ ውርደት ሆኖ ታየ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመታት በትዕግሥት አለፉ። ቤተሰቡ ሳይነሣ በማለዳ እየተነሣች ስለ ሆስፒታሎች የተጻፉ የመንግሥት ዘገባዎችን ታነብ ነበር። ለዓመታት የወደዳት ሰው ለጋብቻ ቢጠይቃት፣ ልቧ ቢያዘነብልም፣ ጥሪዋን አስባ አልተቀበለችውም። በ1850 ለአጭር ጊዜ፣ በ1851 ደግሞ ለሦስት ወራት፣ በጀርመን ሀገር በካይዘርስቬርት ከተማ የሉተራን እኅቶች ሕሙማንን ከሚያገለግሉበት ማኅበር ገብታ ተማረች።

ደወሉና ማንሻው

በኦገስት 1853 በለንደን ሀርሊ ጎዳና ላይ የሚገኝ፣ አቅም ለሌላቸው የታመሙ ወይዛዝርት መታከሚያ የሆነ አነስተኛ ቤት ኀላፊ ሆነች። ደመወዝ አልነበረውም። የቤቱ አስተዳዳሪዎች ሕሙማኑ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወገን ብቻ እንዲሆኑ ቢፈልጉም ካቶሊካውያትም አይሁዳውያትም እንዲገቡ አስፈቀደች። ከዚያም ዓይኗን ወደ ቤቱ አሠራር መለሰች።

ቤቱ ባለ ብዙ ደርብ ነበር፤ ማብሰያው ከታች፣ ሕሙማኑ ከላይ ነበሩ። ሙቅ ውኃም ሆነ ምግብ በሰው እጅ ደረጃ ለደረጃ ይወጣል። ሕመምተኛይቱ ደወል ብትደውል ነርሷ ድምፁን ሰምታ ስትነሣ ደወሉ ዝም ይላል፤ ማን እንደ ጠራት ለማወቅ ከክፍል ክፍል እየዞረች ትጠይቃለች። ስለዚህ ፍሎረንስ ሦስት ነገሮች እንዲሠሩ ጠየቀች። የመጀመሪያው ሙቅ ውኃ በቧንቧ ወደ እያንዳንዱ ደርብ እንዲወጣ ነው። ሁለተኛው የሕሙማኑን ምግብ ከታች ወደ ላይ የሚያወጣ፣ በገመድ የሚሳብ ማንሻ ነው። ሦስተኛው የሕሙማኑ ደወሎች ሁሉ ከነርሷ ክፍል በር ውጭ እንዲሰቀሉ፣ እያንዳንዱም ደወል ሲደወል ተከፍቶ የሚቀር ትንሽ ክዳን እንዲኖረው ነው። ነርሷ ዘግይታ ብትወጣም እንኳ የተከፈተውን ክዳን አይታ የጠራቻት ማን እንደሆነች ታውቃለች።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። በአሳቧ ውስጥ ግን ትልቅ ቁም ነገር ነበረ። የነርሷ ጉልበት በደረጃ መውጣትና መውረድ ካለቀ ለሕመምተኛይቱ የሚተርፍ ጊዜም ትዕግሥትም አይኖርም። ሕመምተኛይቱም ጥሪዋ እንደሚሰማ እርግጠኛ ከሆነች በፍርሃት አትጨነቅም። በሆስፒታል የተኛ ሰው ዛሬ ከራስጌው የሚጫነው መጥሪያ፣ በነርሶቹም ዘንድ እስኪመጡ ድረስ በርቶ የሚቆየው መብራት፣ የሚያገለግሉት ይህንኑ አሳብ ነው።

ስኩታሪ

በ1854 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከኦቶማን ቱርክ ጎን ተሰልፈው ከሩስያ ጋር በክሪሚያ ተዋጉ። የቆሰሉትና የታመሙት የእንግሊዝ ወታደሮች ጥቁር ባሕርን ተሻግረው በቁስጥንጥንያ ትይዩ ወዳለችው ስኩታሪ ይወሰዱ ነበር። በዚያ የደረሰባቸው መጎሳቆል በጋዜጣ ሲሰማ ሕዝቡ ተቆጣ። የጦር ጉዳይ ሚኒስትሩ ሲድኒ ኸርበርት ፍሎረንስን ያውቃት ነበርና ነርሶች ይዛ እንድትሄድ ለመናት። ኦክቶበር 21 ቀን 38 ሴቶችን አስከትላ ተነሣች። ከእነርሱም መካከል የካቶሊክና የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እኅቶች፣ እንዲሁም በሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ ነርሶች ይገኙ ነበር። ኖቬምበር 4 ቀን ስኩታሪ ደረሱ።

ሆስፒታል የተባለው ቀድሞ የቱርክ ጦር ሰፈር የነበረ ግዙፍ ሕንፃ ነው። ቁስለኞቹ በረጃጅም መተላለፊያዎች ወለል ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። መታጠቢያ ሳሕን፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ቅያሪ ልብስ አልነበረም። የጦሩ ሐኪሞች የሴቶችን መምጣት ስላልወደዱት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ቁስለኞቹ እንዲቀርቡ አልጋበዟቸውም። ፍሎረንስም ሥርዓት አፍርሳ መግባት አልፈለገችም። ሐኪሞቹ ራሳቸው እስኪጠሯቸው ድረስ ሴቶቹ ተቀምጠው ሸሚዝ፣ የተሰበረ እጅ ማንጠልጠያ፣ ፍራሽ፣ እንዲሁም እጁ ወይም እግሩ ለተቆረጠ ሰው ማሳረፊያ የሚሆን ትራስ እንዲሰፉ አደረገች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቁስለኞች በብዛት ሲጎርፉ ሐኪሞቹ ጠሯቸው፤ የተሰፋውም ዕቃ ተዘጋጅቶ ቆያቸው።

ከዚያ በኋላ ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብና ከራሷ ኪስ እያወጣች የወለል መጥረጊያ ብሩሽ፣ ፎጣ፣ ሸሚዝ፣ ማንኪያና ሳሕን አስገዛች። ቤት ተከራይታ ውኃ ማፍያ በርሜል አስገብታ የልብስ ማጠቢያ አቋቋመች። ለደካሞቹ የሚስማማ ምግብ የሚዘጋጅበት ማብሰያ ቤት አሠራች። ሌሊት ሌሊት እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የቱርክ ፋኖስ ይዛ በመተላለፊያዎቹ ትዘዋወር ነበር። ስሟ በሀገሯ ሁሉ የተሰማው በዚህ ነው።

ከአልጋው በታች የነበረው ጥፋት

ታሪኳን የሚያደንቁ ብዙዎች የሚዘሉት ክፍል ይህ ነው። ፍሎረንስና ጓደኞቿ ያን ሁሉ ደክመው ሳለ በዚያ ክረምት የሞቱት ሰዎች ቁጥር አልቀነሰም፤ ይልቁንም ጨመረ። በፌብሩዋሪ 1855 ወደ ሆስፒታሉ ከገቡት ከ100 ሰዎች 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ከቁስል ይልቅ ተስቦ፣ ኮሌራና ተቅማጥ ይገድላቸው ነበር።

ምክንያቱ የነርሶቹ ስንፍና አልነበረም። ሕንፃው የቆመው በተደፈኑ የፍሳሽ ቦዮች ላይ ነበር። ከመጸዳጃዎቹ የሚወጣው መጥፎ አየር ወደ መኝታዎቹ ይገባል፤ ውኃ በሚመጣበት ቦይ ውስጥ የፈረስ በድን ተገኝቷል። በማርች 1855 ከለንደን የተላኩ የንጽሕና መርማሪዎች ደርሰው ቦዮቹን አስጠረጉ፣ የውኃውን መስመር አጸዱ፣ መስኮቶች አስከፈቱ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀቡ። በጁን ወር የሟቾቹ ቁጥር ከ100 ሁለት ያህል ብቻ ሆነ።

ፍሎረንስ በኦገስት 1856 ወደ ሀገሯ ስትመለስ የክብር አቀባበል እንዳይደረግላት ስሟን ለውጣ ተጓዘች። ከዚያም ዊልያም ፋር ከተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጋር የጦሩን የሞት መዝገብ መረመረች። በልጅነቷ የወደደችው ሒሳብ በዚህ ጊዜ መራራ እውነት ገለጠላት። በፍቅር ያነጠፈችው አልጋ፣ በእጇ ያስተካከለችው ትራስ፣ ከበታቹ ያለው ፍሳሽ እስካልተጠረገ ድረስ ሰውየውን አላዳነውም ነበር። ይህን አልሸሸገችም። የሟቾቹን ቁጥር በየወሩና በየምክንያቱ ከፋፍላ በቀለም በተለየ ክብ ሥዕል አሳየች፤ አብዛኞቹ ሊድኑ ይችሉ እንደ ነበር ለመንግሥት ገለጠች። በስሟ የተመሰገነችበትን ሆስፒታል የጥፋት ምሳሌ አድርጋ ማቅረብ ቀላል ትሕትና አይደለም።

ስለ አልጋ፣ ስለ ትራስና ስለ ሲኒ

ከዚህ ትምህርት በኋላ በ1860 መባቻ ስለ አስታማሚነት የጻፈችው ትንሽ መጽሐፍ ታተመ። የተጻፈው ለሆስፒታል ነርሶች ብቻ አልነበረም፤ ይልቁንም በቤታቸው ልጅን ወይም ሽማግሌን ለሚያስታምሙ ሴቶች ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለሠራተኛ ቤተሰቦች የሚሆን አነስ ያለ እትም አዘጋጅታለች። መጽሐፉ የሚጀምረው ከንጹሕ አየር፣ ከንጹሕ ውኃ፣ ከፍሳሽ መወገድና ከብርሃን ነው። የስኩታሪን ትምህርት ስናስብ ይህ ቅደም ተከተል አይገርመንም።

ስለ አልጋ ስትጽፍ ሰፊና ከፍ ያለ አልጋን ትነቅፋለች። አልጋው ከፍ ካለ ሕመምተኛው ከሰው የተለየ መስሎ ይሰማዋል፤ በእጁ ምንም ሊያነሣ አይችልም፣ ሲወርድም ይወድቃል። አልጋውን ከግድግዳ ማስጠጋትንም ትከለክላለች፤ አስታማሚዋ በሁለቱም ወገን ቀርባ፣ ሳትንጠራራና ሕመምተኛውን ሳትጎትት ልትረዳው ይገባልና። ከተቻለ ተኝቶ ሳለ በመስኮት ሰማይን እንዲያይ ትመክራለች።

ትራስን በሚመለከት ብዙ አስታማሚዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ታሳያለች። ትራሶች ከጭንቅላት በታች ብቻ ሲከመሩ አንገት ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ደረት ይጨመቃል፣ መተንፈስም ይከብዳል። ትክክለኛው አደራረግ ትራሶቹ ከታችኛው ጀርባ ጀምረው እንዲደግፉ፣ ትከሻዎች ወደ ኋላ እንዲያርፉ፣ ራስም ወደ ፊት ሳይገፋ እንዲደገፍ ማድረግ ነው። ተደግፎ ለሚቀመጥ ሰው ደግሞ የእግር መደገፊያ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ የእግሮቹ ክብደት ወገቡን ይጎትተዋል።

የመኝታ ቁስል የሚያሰጋው ሰው ከበታቹ ብርድ ልብስ እንዳይነጠፍለት ታስጠነቅቃለች፤ ብርድ ልብስ ላብና እርጥበት ይዞ ቆዳን ያባብሳልና። የመኝታ ቁስል ሲወጣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከበሽታው ሳይሆን ከአስታማሚነቱ እንደሆነ ሳትፈራ ትናገራለች። የደከመ ሰው እግር በሌሊት እንዳይቀዘቅዝ አስታማሚዋ በእጇ እየዳሰሰች እንድታይና በሙቅ ውኃ ጠርሙስ ወይም በሞቀ ጨርቅ እንድታሞቀው ትመክራለች። የሲኒው ታች እርጥብ እንዳይሆን እንኳ ታሳስባለች፤ ሕመምተኛው በተንቀጠቀጠ እጁ ሲያነሣው ጠብታው አንሶላውን ያበላሻል።

ለጠያቂዎችም ምክር አላት። አልጋው ላይ መቀመጥን፣ አልጋውን መደገፍና መነቅነቅን ትከለክላለች። ከሕመምተኛው ኋላ ወይም ከበር ላይ ሆኖ ማናገር እንዲዞር ስለሚያስገድደው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ማነጋገር ይገባል። በክፍሉ ውስጥ መንሾካሾክንም የጭካኔ ሥራ አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ ሕመምተኛው ስለ እርሱ የሚባለውን ለመስማት ይጨነቃልና።

የምክሮቿ ሁሉ ሥር አንድ ነው። መልካም አስታማሚ በአልጋው አጠገብ ሳለች የምታደርገው ሁሉ በሌለችበትም ሰዓት እንዲደረግ አስቀድማ የምታዘጋጅ ናት። ደወሉ፣ በእጅ የሚደረሰው ውኃ፣ ዝቅ ያለው አልጋ፣ ሁሉም እርሷ በሌለችበት ስለ እርሷ ያገለግላሉ።

የራሷ አልጋ

ፍሎረንስ እነዚህን ነገሮች ከዳር ሆና አልጻፈቻቸውም። በሜይ 1855 በክሪሚያ ሳለች በጽኑ ትኩሳት ታማ ለሞት ቀርባ ነበር። በኦገስት 1857 እንደገና ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት አብዛኛውን ጊዜዋን ከአልጋና ከድንክ አልጋ ሳትለይ አሳለፈች። የዛሬ ሐኪሞች ብዙዎቹ በሽታዋ ብሩሴሎሲስ እንደ ነበረ ይገምታሉ። መጽሐፏን ስትጽፍ የትራስ አቀማመጥ ምን ማለት እንደሆነ በጀርባዋ ታውቀው ነበር።

ከዚያው አልጋ ሆና ሥራዋን አላቋረጠችም። ሕዝቡ ለክብሯ ያዋጣውን ገንዘብ ለራሷ ሳታደርግ በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት አስከፈተችበት። ስለ ሆስፒታል አሠራር፣ ስለ ወታደሮች ጤና፣ በሕንድ ሀገር ስላለው ንጽሕና ደብዳቤና ዘገባ ትጽፍ ነበር። በእርጅናዋ ዘመን ዓይኗ ጠፋ። በ1907 ታላቅ የመንግሥት ኒሻን ተሸለመች፤ ኒሻኑን ከሴቶች የተቀበለች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። ኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ ዐረፈች። በነገሥታት መቃብር በዌስትሚንስተር ልትቀበር ብትታሰብም ቤተሰቧ እንደ ፈቃዷ አልተቀበለውም፤ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ከወላጆቿ አጠገብ ተቀበረች። በሐውልቷ ላይ የተጻፈው የስሟ ሁለት ፊደላትና የልደትና የዕረፍት ቀኗ ብቻ ነው። የተወለደችበት ሜይ 12 ዛሬ የዓለም ነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

እኛስ?

በሀገራችን በሽተኛን መጠየቅ የቆየና የተከበረ ልማድ ነው። አብዛኛው የአልጋ ቁራኛ የሚታመመው በቤቱ፣ የሚያስታምሙትም ልጆቹና ዘመዶቹ ናቸው። ጌታችን በዕለተ ፍርድ ከሚጠይቀን ነገሮች አንዱ የታመመውን መጎብኘት እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ግን ልንጠይቅ ስንሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ያንን የደከመ ሰው ስንነቀንቀው፣ በጎን ስንንሾካሾክ፣ ክፍሉንም በሰው ብዛት አየር ስናሳጣው እንገኛለን። ፍቅራችን እውነተኛ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይጎድለዋል።

ደግሞም መርሳት የማይገባን፣ መሣሪያ ያለ አስታማሚ ዓይን ሊጎዳ እንደሚችል ነው። አእምሮው የሳተ ሕመምተኛ ከአልጋው እንዳይወድቅ በሚል የሚደረግ የጎን መከለያ፣ ዘሎ ሊያልፈው ሲሞክር የባሰ አወዳደቅ ሊያመጣበት ይችላል። የሙቅ ውኃ ጠርሙስ በጨርቅ ካልተጠቀለለ ስሜቱ የደከመን ቆዳ ያቃጥላል። ለስላሳ ፍራሽ ቢኖርም ራሱን መገላበጥ የማይችል ሰው በየጊዜው ካልተገላበጠ ይቆስላል። ዕቃው አስታማሚውን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ለብዙዎቻችን ውድ የሆስፒታል አልጋ መግዛት አይቻለንም። ነገር ግን አልጋውን ከግድግዳ ማራቅ፣ መስኮት መክፈት፣ ትራሱን ከጀርባ ጀምሮ መደገፍ፣ አንሶላውን ሳይጨማደድ ማንጠፍ፣ ውኃውን እጁ በሚደርስበት ማኖር፣ ሌሊት ለመጸዳዳት ሲነሣ እንዳይደናቀፍ መንገዱን ማጽዳትና ትንሽ መብራት መተው ገንዘብ አይጠይቅም። ደወል ባይገኝ ብርጭቆና ማንኪያ ከራስጌው ማስቀመጥ ይበቃል። አስታማሚውም ያን ድምፅ እንደሚሰማ አውቆ ጥቂት ሊያርፍ ይችላል።

ዛሬ ማታ በቤታችን ወይም በጎረቤታችን የተኛ ሰው ካለ፣ ከመለየታችን በፊት አንድ ነገር እንመልከት፤ እኛ ከክፍሉ ከወጣን በኋላ ቢጠማው በምን ይጠራናል? እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለአስታማሚዎችም ብርታትን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።